በአፈሙዙ ለሚጎርስ የአደን ጠመንጃ የጥቁር ባሩድ ቅንጣት አመራረጥ

በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ባሩዳቸውንና አረራቸውን በአፈሙዝ በኩል ለሚጎርሱ ጠመንጃዎች ብቻ የተለየ የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዝርያ) እና የአጋዘን አደን ወቅት አለ፤ የሚከፈተውም በሴፕቴምበር ወር ነው። የግዛቲቱ ደንብ በዚህ ወቅት ፔሌት የሚባለውን፣ በእንክብል መልክ ተጠፍጥፎ የሚሸጠውን ባሩድ አይፈቅድም። ስለዚህ በሌላ ግዛት ሁለት እንክብል ጣል አድርጎ መተኮስ የለመደ ሰው እዚህ ሲመጣ ልቅ ባሩድ ገዝቶ፣ ቅንጣቱን መርጦና መጠኑን ሰፍሮ መጉረስ ይኖርበታል። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በዴንቨርና በአውሮራ አካባቢ ለሚኖሩና ለዚህ ወቅት ፈቃድ ለማውጣት ላሰቡ አንባቢዎች ቅደም ተከተሉን እንደሚከተለው አቀርባለሁ፤ በሌላ ግዛት ያሉም ደንቡን ከየራሳቸው ግዛት እያመሳከሩ ሊሠሩበት ይችላሉ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ቃላትን እንለይ። በዚህ ጽሑፍ «ቅንጣት» የምለው የባሩዱን ፍሬ ነው። «ግሬን» የምለው ግን የክብደት መለኪያ ነው፤ አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ሲሆን አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው። በግራም ያደግን ሰዎች «70 ግሬን» የሚለውን ስናነብ አእምሯችን «70 ግራም» ሊለው ይችላል፤ ይህ ስሕተት የባሩዱን መጠን ከ15 ጊዜ በላይ ስለሚያበዛው በርሜል ያፈነዳል፣ ሰውም ይገድላል። 70 ግሬን ማለት አራት ግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ከመግዛትዎ በፊት ጠመንጃውን ይመርምሩ

1. ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። መጎስጎሻ ዘንጉን በአፈሙዙ እስኪቆም ድረስ ያስገቡና ከአፈሙዙ ጫፍ ትይዩ ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ ዘንጉን አውጥተው ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር በማስተካከል በበርሜሉ ውጭ ያጋድሙት። ጫፉ ካፑ (ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ የመዳብ ቆብ) ከሚቀመጥበት ወይም የእሳት ቀዳዳው ካለበት ቦታ አጠገብ ካልደረሰ ውስጥ የተጎረሰ ነገር አለ ማለት ነው። ከሰው እጅ የተገዛ አሮጌ ጠመንጃ እንደጎረሰ መገኘቱ እንግዳ ነገር ስላልሆነ ይህን ደረጃ ፈጽሞ አይዝለሉ።

2. በበርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ካሊበር፣ ማለትም የበርሜሉን የውስጥ ስፋት ያንብቡ። «50» የሚለው ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ማለት ነው።

3. የአተኳኮሱን ዓይነት ይለዩ፤ በባልጩት ድንጋይ የእሳት ፍንጣሪ የሚለኮስ፣ በትንሽ የመዳብ ካፕ የሚለኮስ፣ ወይም 209 በሚባለው ፕራይመር (ሲመታ እሳት የሚሰጥ ማቀጣጠያ) የሚለኮስ ዘመናዊ ሊሆን ይችላል።

4. የአምራቹን መጽሐፍ ያግኙ። ከጠፋብዎ ከአምራቹ ያስልኩ። ለጠመንጃዎ የተፈቀደውን የቅንጣት ዓይነት፣ መነሻ መጠንና ጣሪያ ከዚያ ላይ በወረቀት ገልብጠው ከጠመንጃው ጋር ያኑሩ። እኔ የምጽፈው ነገር ከዚያ መጽሐፍ ጋር ከተጋጨ መጽሐፉን ይመኑ።

5. ጠመንጃው አሮጌ ከሆነና አምራቹ ካልታወቀ በጠመንጃ ጠጋኝ ሳያስመረምሩ አንድም ጥይት አይተኩሱበት።

ደረጃ 2፦ በጣሳው ላይ ያለውን ምልክት ያንብቡ

ጥቁር ባሩድ ከጨው ጴጥሮስ (ፖታሲየም ናይትሬት)፣ ከከሰልና ከድኝ የሚሠራ ሲሆን የተለመደው ምጣኔ 75፣ 15 እና 10 በመቶ ነው። ከተጨመቀ በኋላ ተሰባብሮ በወንፊት ይለያል። በጣሳው ላይ በላቲን ፊደል የተደረደሩት ኤፎች በበዙ ቁጥር ቅንጣቱ እየደቀቀ ይሄዳል፤ ከኤፎቹ በኋላ የምትመጣው ትንሿ ጂ ቅንጣቱ ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ልባስ እንደተሰጠው ታመለክታለች።

• አንድ ኤፍ፦ ከ1.19 እስከ 1.68 ሚሊሜትር፤ እንደ ቅንጬ ሻካራ ነው።
• ሁለት ኤፍ፦ ከ0.59 እስከ 1.19 ሚሊሜትር፤ ከጤፍ ፍሬ ጋር ይቀራረባል።
• ሦስት ኤፍ፦ ከ0.30 እስከ 0.84 ሚሊሜትር፤ ከጤፍ ያንሳል።
• አራት ኤፍ፦ ከ0.15 እስከ 0.42 ሚሊሜትር፤ ወደ ዱቄት የተጠጋ ነው።

ልኬቶቹ እርስ በርስ እንደሚደራረቡ ልብ ይበሉ። በዚህ ምክንያት የአንዱ አምራች ሁለት ኤፍ ከሌላው ሁለት ኤፍ ጋር አንድ አይሆንም። ስዊስ የሚባለው የባሩድ ምርት ለምሳሌ በአንድና በሁለት ኤፍ መካከል የሚውል «አንድ ተኩል ኤፍ» የሚባል ደረጃ አለው፤ በእኩል ስፍር ሲለካም ከብዙዎቹ ባሩዶች የበለጠ ኃይል ይሰጣል። ስለዚህ ጎኤክስ ከሚባለው የባሩድ ምርት ወደ ስዊስ ሲሻገሩ የኤፎቹ ቁጥር አንድ ቢሆንም እንኳ መጠኑን ቀንሰው እንደ አዲስ ይጀምሩ።

የቅንጣቱ መጠን ለምን ይህን ያህል ይለያያል ቢሉ፣ ባሩዱ የሚቃጠለው ከእያንዳንዱ ፍሬ ገጽ ወደ ውስጥ ስለሆነ ነው። በእኩል ክብደት ደቃቁ ሰፊ ገጽ ስላለው ቶሎ ይነድዳል፣ በበርሜሉ ውስጥ ያለውንም ግፊት ቶሎ ያሻቅበዋል። ጠባብ በርሜል ቀላል አረር ሲገፋ ይህ ፍጥነት ይስማማዋል፤ ሰፊ በርሜል ከባድ አረር ሲገፋ ግን አረሩ ገና ሳይንቀሳቀስ ግፊቱ እንዳይከማች ቀስ ብሎ የሚነድ ሻካራ ቅንጣት ይፈልጋል።

ደረጃ 3፦ ቅንጣቱን ከካሊበሩና ከአረሩ ጋር ያዛምዱ

1. ካሊበርዎ 45 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሦስት ኤፍ ይውሰዱ። ሁለት ኤፍም ይሠራል፤ ነገር ግን በጠባብ በርሜል ብዙ ጥላሸት ይተዋል።

2. ካሊበርዎ 54 ወይም 58 ከሆነ ሁለት ኤፍ ይውሰዱ።

3. ካሊበርዎ 50 ከሆነ ከሁለቱም ጎራ ይቆማል፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሳውም በዚህ ካሊበር ላይ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ክብ አረር የሚተኩሱ ከሆነ አምራቹ እስከፈቀደ ድረስ ሁለቱም ያስኬዳል፤ ለ50 ካሊበር የተለመደው ክብ አረር 177 ግሬን ገደማ ብቻ ስለሚመዝን በርሜሉን ብዙ አያስጨንቅም። ኤልክ ለመምታት ከዚህ እጥፍ የሚከብድ ሾጣጣ ጥይት የሚጎርሱ ከሆነ ግን ሁለት ኤፍ ይጠቀሙ። ለጀማሪ የእኔ ምክር በሁለቱም ጊዜ ሁለት ኤፍ ነው፤ ግፊቱ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ትንሽ ስሕተትን ይታገሣል። ሦስት ኤፍ ጥላሸቱ ያነሰ ነው የሚሉት ልምድ ያላቸው ተኳሾች እውነታቸውን ነው፤ ይሁን እንጂ ጥላሸት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

4. አንድ ኤፍን 69 ካሊበርና ከዚያ በላይ ለሆኑ ትላልቅ የጦር ጠመንጃዎች ይተዉት። በ50 ካሊበር የአደን ጠመንጃ ውስጥ ደካማና ወጣ ገባ ተኩስ ይሰጣል።

5. አራት ኤፍን በበርሜል ውስጥ አያስገቡ። ሥራው በባልጩት ጠመንጃ ጎን ባለችው ሳህን ላይ ተቀምጦ እሳቱን መቀበል ብቻ ነው። ሳህኗን እስከ ግማሿ ይሙሉ፤ የእሳት ቀዳዳውን አይድፈኑት። ቀዳዳው ከተደፈነ እሳቱ እንደ ክብሪት ገመድ እየተቃጠለ ስለሚገባ ተኩሱ ይዘገያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሁለት ኤፍ ወደ ሦስት ኤፍ ሲሻገሩ የቀድሞውን መጠን ይዘው አይሻገሩ፤ ቢያንስ 15 በመቶ ይቀንሱና እንደ አዲስ ይሞክሩ። ለምሳሌ በሁለት ኤፍ 80 ግሬን ይጎርሱ ከነበረ በሦስት ኤፍ ከ68 አይለፉ፤ ይህም ከአምራቹ የሦስት ኤፍ ጣሪያ በታች መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። እኔ ራሴ አንድ ቀን መደብሩ ሁለት ኤፍ ጨርሶ ሦስት ኤፍ ገዛሁና መስፈሪያዬን ሳልነካ በልማዴ ጎረስሁ። ጠመንጃው አልፈነዳም፤ ሰደፉ ግን ትከሻዬን በለዘው፣ ጨርቁ ተበጣጥሶ ከፊቴ ወደቀ፣ አረሩም ከኢላማው ወረቀት ውጭ ሄደ። መስፈሪያው ላይ ያለው ቁጥር የትኛው ባሩድ እንደገባበት አያውቅም።

ደረጃ 4፦ ምትክ ባሩዶችን ከእውነተኛው ይለዩ

እውነተኛ ጥቁር ባሩድ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል የማከማቻ ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ብዙ መደብሮችም በመደርደሪያቸው ላይ የሚያቆዩት ምትኮቹን ብቻ ነው።

ፓይሮዴክስ አር ኤስ በሁለት ኤፍ ቦታ፣ ፓይሮዴክስ ፒ በሦስት ኤፍ ቦታ ይገባል። ከጥቁር ባሩድ ስለሚቀልል በሚዛን ሳይሆን በመስፈሪያ ነው የሚለካው፤ በሚዛን 80 ግሬን አሟልተው ቢጎርሱት ከሚገባው በላይ ይሆናል። ትሪፕል ሰቨን በሁለትና በሦስት ኤፍ ይመጣል፤ ኃይለኛ በመሆኑ ከጥቁር ባሩድ ስፍር 15 በመቶ ቀንሰው ይለኩት። ምትኮች ለመቀጣጠል የበለጠ ሙቀት ስለሚፈልጉ በባልጩት ጠመንጃ ላይ ያስቸግራሉ፤ የባልጩት ጠመንጃ ያለዎት ከሆነ እውነተኛውን ጥቁር ባሩድ ፈልገው ይግዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለዘመናዊ ባለ ቀለህ ጥይት የሚውለውን ጭስ አልባ ባሩድ በምንም መጠን አይጉረሱ፤ ከጥቁር ባሩድ ጋርም አያደባልቁ። በቀለሙ እለየዋለሁ አይበሉ፤ እሱም ጥቁር ወይም ግራጫ ሊሆን ይችላል። የኮሎራዶ ደንብም በዚህ ወቅት ጭስ አልባ ባሩድን፣ ሳቦ የሚባለውን የጥይት የፕላስቲክ ቀሚስና የማነጣጠሪያ መነጽርን ይከለክላል። ለኤልክ ዝቅተኛው ካሊበር 50፣ ለአጋዘን 40 ነው። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚታተም የዘንድሮውን ያንብቡ።

ደረጃ 5፦ ይስፈሩ፣ ይጉረሱ

1. ተንሸራታች ባለ ቁጥር የነሐስ መስፈሪያ ይግዙ። ባሩዱን አፍስሰው ጎኑን በቀስታ መታ መታ ያድርጉና በላይ የተረፈውን ጠርገው ያስተካክሉ። በእያንዳንዱ ጊዜ አሰፋፈርዎ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱን መታ አድርገው ሌላውን ሳይነኩ ከሰፈሩ ቅንጣት መምረጡ ትርጉም ያጣል።

2. ባሩዱን ከጣሳው ወይም ከባሩድ መያዣው ቀንድ በቀጥታ ወደ በርሜል አይገልብጡ። ከቀደመው ተኩስ የቀረች አንዲት ፍም ጣሳውን በሙሉ በእጅዎ ላይ ታፈነዳዋለች። ሁልጊዜ በመስፈሪያው በኩል ያፍስሱ፤ ጣሳውንም ከድነው ከኋላዎ ያርቁት።

3. በተኩሶች መካከል በርሜሉን በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ፣ ቀጥሎም በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ።

4. ባሩዱን ካፈሰሱ በኋላ አረሩን አስገብተው በባሩዱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ይግፉት። በአረሩና በባሩዱ መካከል ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። አረሩ በሚገባ ባረፈበት ጊዜ ዘንጉ ላይ ከአፈሙዙ ትይዩ ሁለተኛ ምልክት ይቅረጹ። በየጊዜው ዘንጉ እስከዚያ ምልክት መግባቱን ይመልከቱ፤ ምልክቱ ከአፈሙዙ በላይ ከቀረ ሁለት ጊዜ ጎርሰዋል ወይም አረሩ አልወረደም፣ ወደ ውስጥ ከሰጠመም ባሩዱ አንሷል ወይም ጨርሶ አልገባም።

5. ካፑን ወይም የሳህኗን ባሩድ መጨረሻ ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው ከዞረ በኋላ ብቻ ያስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ በኢላማ ላይ ይሞክሩ

አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ቅንጣቱንም፣ አረሩንም፣ ጨርቁንም በአንድ ቀን ከቀየሩ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ሊያውቁ አይችሉም።

ኢላማውን በ50 ያርድ፣ ማለትም በ45 ሜትር ገደማ ያቁሙ። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው ከአምራቹ መነሻ መጠን ይጀምሩ፤ ለ50 ካሊበር ክብ አረር ብዙ ጊዜ 50 ግሬን አካባቢ ነው። በእያንዳንዱ መጠን አምስት ጥይት ይተኩሱ፣ ወረቀቱን ቀይረው መጠኑን ይጻፉበት፣ ከዚያ አምስት ግሬን ይጨምሩ። አምስቱ ቀዳዳዎች ወደ አንድ እየተሰበሰቡ ሄደው እንደገና መበተን ሲጀምሩ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ የተሰበሰቡበት መጠን የእርስዎ ነው፤ የአምራቹ ጣሪያ ከእሱ በላይ ገና ብዙ ቢቀረውም አያጓጓዎት። ሁለተኛውን ቅንጣት መሞከር ከፈለጉ በሌላ ቀን፣ በታጠበ በርሜል፣ ቀንሰው ከመነሻው ይጀምሩ።

የወደቁትን ጨርቆች እየለቀሙ ያንብቡ። ጤናማ ጨርቅ መሐሉ ጠቁሮ ጠርዙ ብቻ ይተለተላል። ተቃጥሎ የተበሳ ከሆነ ጨርቁ ቀጭን ነው፣ ቅባቱ አንሷል ወይም ባሩዱ በዝቷል። በጭረት የተቆረጠ ከሆነ ጥፋቱ ከባሩዱ ሳይሆን ከበርሜሉ አፍ ወይም ከውስጥ ቦዮቹ ስለት ነው። በኮሎራዶ ደረቅ ሣር ላይ የሚጤስ ጨርቅ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ሲለቅሙ ረግጠው ያጥፉት።

አንዳንዶች በአፈሙዙ ፊት ነጭ አንሶላ አንጥፈው የሚወድቀውን ጥቁር ትቢያ በማየት «ባሩዱ ሳይቃጠል ቀርቷል» ይላሉ። ጥቁር ባሩድ በትክክል ተቃጥሎም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጠጣር ትቢያና ጭስ ስለሚለወጥ በዚህ ምልክት ብቻ ቅንጣት አይቀይሩ።

ደረጃ 7፦ ሲበላሽ

ካፑ ፈነዳ፣ ጠመንጃው ግን አልተኮሰም። አፈሙዙን ከኢላማው ሳያዞሩ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። ከዚያ አዲስ ካፕ ይሞክሩ። እንደገና ካልተኮሰ ሌላ ደቂቃ ጠብቀው ካፑን ያንሱና የእሳት መተላለፊያውን በቀጭን ሽቦ ይጥረጉ። በምንም ሁኔታ አፈሙዙን ወደ ዓይንዎ አምጥተው አይመልከቱ።

ባሩድ ሳይጨምሩ አረር ጎረሱ። ይህ ሁሉም የሚደርስበት ነው። በካፑ መቀመጫ በኩል በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት የሚያስወጣ ትንሽ መሣሪያ ይሸጣልና ይጠቀሙበት፤ አለበለዚያ በዘንጉ ጫፍ በሚታሰር የአረር መንቀያ ብሎን ይንቀሉት።

አረሩ መንገድ ላይ ተቀረቀረ። ለመተኮስ አይሞክሩ። ካፑን ያንሱ፣ ሰውነትዎን ከአፈሙዙ ፊት ያርቁና ወይ እስከ ምልክቱ ይግፉት ወይ ይንቀሉት። ቀጣዩን ከመጉረስዎ በፊት በርሜሉን ይጥረጉ። በደረቅ አየር ጥላሸቱ እንደ ቅርፊት ስለሚጠነክር በሁለት ኤፍ ከሦስተኛው ተኩስ በኋላ ይህ ቢገጥምዎ አይደነቁ።

የመጀመሪያው ጥይት ከሌሎቹ ተለይቶ ይመታል። በርሜሉ ዘይት ነበረበት ማለት ነው። ለአደን የሚቆጠረው ይህ የመጀመሪያ ጥይት ስለሆነ ዘይቱን በአልኮል በነካ ጨርቅ ጠርገው፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቀው እንደገና ይሞክሩ።

ደረጃ 8፦ ወደ አደን ሲወጡና ሲመለሱ

ለእያንዳንዱ ተኩስ የተሰፈረውን ባሩድ በትናንሽ ክዳን ባላቸው ቱቦዎች አስቀድመው አዘጋጅተው ይያዙ። በባልጩት ጠመንጃ የሳህኗን ባሩድ እርጥበት በተሰማዎት ቁጥር ጠርገው ይለውጡ፤ ደቃቁ አራት ኤፍ እርጥበትን ቶሎ ይስባል። ባሩድም ሆነ ካፕ በአውሮፕላን አይጫንም፤ በእጅ ሻንጣም በጭነትም ክልክል ነው። በሚያድኑበት ከተማ ይግዙ፤ ይህም ማለት የለመዱትን ቅንጣት ላያገኙ ስለሚችሉ በሁለተኛው ቅንጣትም የተሞከረ መጠን በማስታወሻዎ ይኑር።

የተኮሰውን በርሜል በዚያው ዕለት በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጠቡ፣ ያድርቁ፣ ዘይት ይቀቡ። ጥላሸቱ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል፤ የዛገ በርሜል ደግሞ የትኛውንም ቅንጣት አይቀበልም።

የፌዴራል ሕግ ለስፖርትና ለመሰል ዓላማ የሚውል ጥቁር ባሩድን እስከ 50 ፓውንድ ድረስ ያለ ፈቃድ መያዝ ይፈቅዳል፤ የከተሞችና የአከራዮች ደንብ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነውና ይጠይቁ። በራሱ ጣሳ ውስጥ፣ ከሙቀትና ከልጆች አርቀው፣ ካፖቹን በሌላ ቦታ ለይተው ያስቀምጡ። የሁለት ጣሳ ትርፍ በአንድ ጣሳ አያጠራቅሙ። መለያው የተላጠ ወይም ምን እንደሆነ የማያስታውሱት ባሩድ ካገኙ በመልኩ ለመገመት ሳይሞክሩ የአካባቢዎን የእሳት አደጋ መከላከያ ጠርተው እንዲያስወግዱልዎ ያድርጉ።